ጭራ ስለሌለው ማሲንቆ፣ ለቆላ ደጋ ባንድ መሪ

ለክቡር አቶ ዘሥላሴ ማኅደረማርያም
የቆላ ደጋ ባንድ መሥራችና መሪ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፤

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና አዲሱ ኮምፒውተርዎ በዚህ ቁር እንደምን ሰንብታችኋል? የደብረ ብርሃን ብርድ ለሰውም ለማሽንም አይመችምና ሁላችሁንም አላህ በጤና ይጠብቃችሁ።

እኔ ሌይላ ሙኽታር እባላለሁ። የአልዩ አምባ ልጅ ስሆን እዚሁ ደብረ ብርሃን ጨርቅ እነግዳለሁ፤ ባንድዎን ከተመሠረተ ጀምሮ ለአሥራ አንድ ዓመት ተከታትያለሁ። ባለፈው ወር ጎረቤላ ላይ ያቀረቡትን «አዲስ የሙዚቃ አቅጣጫ» ከፊት ተቀምጬ የመመልከት ዕድል ስለገጠመኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፤ ስለ ለውጡ። እኛ አድናቂዎችዎ ለውጥ የማንወድ ድርቅ ያልን ሰዎች መሆናችንን ከመድረክ ላይ ስለነገሩን እናመሰግናለን። እውነትዎን ነው። ቤዝ ጊታር ያስገቡ ጊዜም አኩርፈን ነበር። ጎረቤቴ ወርቅነሽማ የባንዱን ፎቶ ከሱቋ ግድግዳ አውርዳው ነበር፤ በስድስተኛው ወር በሰው ሠርግ ላይ በዚያው ቤዝ ስትጨፍር ተገኘችና አፍራ መልሳ ሰቀለችው። ስለዚህ ሙዚቃው በኮምፒውተር መሠራቱንም፣ የዘፋኟ የሣራ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ መምሰሉንም ጊዜ ቢሰጡን እንለምደው ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ሙሉጌታ። ባንዱን ከእርስዎ ጋር የመሠረተው ማሲንቆ ተጫዋቹ ሙሉጌታ፣ በዚያ ቀን እንደ ወትሮው ነጭ ለብሶ ከፊት ቆሞ ሲገዘግዝ አይተን ተጽናንተን ነበር። ድምፁ ግን አልሰማ አለን። ወርቅነሽ ወደ መድረኩ ተጠግታ አየችና «ኧረ ማሲንቆው ጭራ የለውም!» ብላ ጮኸች። የሙሉጌታ እጅ ባለበት ቆመ፤ ሙዚቃው ግን ያለ እርሱ ቀጠለ።

እርስዎም ማይክሮፎኑን አንስተው «ለዓይን እንዲያምር ነው የቆመው፤ ድምፁ ከኮምፒውተሩ ጋር ስለሚጋጭ ጭራውን እኔው ነኝ ያስፈታሁት» ሲሉ ያሳዩትን ግልጽነት አደንቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ሙሉጌታ ማሲንቆውን በጋቢው ሸፍኖ ወረደ። እኛም ተከትለነው ወጣን፤ ለቀሩት እንግዶችዎ ሰፊ ቦታ በመልቀቃችን ምስጋና አንጠብቅም።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን ዜና ነው። ሙሉጌታ ሦስት ሳምንት ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ልንጠይቀው ስንሄድ «ልጆቼ እያዩኝ ዕቃ ሆኜ ቆምኩ እኮ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። እኔና ወርቅነሽ መዘዞ ድረስ ሄደን ፈረስ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ጭራ ለመንን። እኚያ አዛውንት ነገሩን ከሰሙ በኋላ «ከሦስቱም ፈረሶቼ ውሰዱ» አሉን። ሙሉጌታ ያመጣንለትን ጭራ በጣቱ እየለየ አበጠረው። ኋላ ወጠረው፣ ሙጫ ቀባው፣ ጀመረ።

የተጫወተው ምን ይመስልዎታል? የእርስዎን አዲስ ዘፈን ነው! እኛ ልንስቅበት ተዘጋጅተን ነበር፤ ወርቅነሽ ግን አለቀሰች። ይህን መጻፍ ያመኛል፣ ነገር ግን ዜማው ያምራል፣ ክቡር ሆይ። ጥሩ ዜማ ሠርተው የሚጫወተውን ሰው ብቻ ነው የጣሉት።

ለውጥ ዘግይቶ ከሚገባቸው፣ ሰውን ከጌጥ ለመለየት ግን ከማይቸገሩ አድናቂዎችዎ አንዷ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣

ሌይላ ሙኽታር

ማሳሰቢያ፦ ለመጪው ቅዳሜ ዝግጅትዎ ሙሉጌታን ደግመው እንዳስጠሩት ሰምተናል። በዚያ ቀን አንኮበር በወርቅነሽ እህት ሠርግ ላይ ስለሚጫወት እንደማይመቸው በትሕትና እንገልጻለን። ሣራም በገዛ ድምፅዋ ልትዘፍን አብራው ትሄዳለች፤ እስካሁን እንደነገረችዎ አልጠራጠርም።