ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ስክሪኑን ለሸፈነው መደብር

ለተከበሩ የዲጂታል ጨዋታዎች መደብር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለአሥሩም ጣቶችዎ ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔ ትንሽ የጌም ቤት ከፍቼ የማድር ደንበኛችሁ ነኝ። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ቅሬታ የምትቀበሉት በመጫወቻ ማሽኑ በኩል ብቻ በመሆኑ፣ የእኔ ማሽን ደግሞ በሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን ግንባር ላይ ተሰባብሮ በማለቁ ነውና ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዋጋችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያንኑ የእግር ኳስ ጨዋታ ሌላ መደብር በእጥፍ ዋጋ ይሸጠዋል፤ ይሁን እንጂ አንዴ ከተጫነ በኋላ የኢንተርኔት መስመር ኖረ አልኖረ ዞር ብሎም አያይም። ሦስተኛው መደብር ዋጋ የሚቀንሰው ሲያሻው ቢሆንም ኢንተርኔት የሚጠይቀው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። የእናንተ ግን ከርካሽነቱም በላይ ባለቤቱ እኔ መሆኔን በየጊዜው በኢንተርኔት ካላረጋገጠ እንቅልፍ አይወስደውም። እንዲህ የሚጨነቅልኝ ዘመድ እንኳ የለኝም።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ታላቅ ወንድሜና ሥጋ ሻጩ አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ ኢንተርኔት ሳያስፈልጋቸው ሲጫወቱ፣ እኩል ለእኩል እንዳሉ ወንድሜ በመጨረሻዋ ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። በቤቴ ደንብ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ልክ ሊመታ ሲል መስመሩ ተቋረጠና «ባለቤትነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚለው ጽሑፋችሁ ስክሪኑን ሸፈነው። ተሸናፊ በሌለበት ማን ይነሳ? ወንድሜ «ተነስ፣ ገብታለች!» ቢለው፣ ሥጋ ሻጩ «አገጭህ ውስጥ ነው የምትገባው!» አለና እንዳለውም አደረገ።

ሦስተኛ፣ ጥርስ ረገፈ። ወንድሜ ማሽኑን ከነገመዱ ነቅሎ የጎረቤታችንን ግንባር በእሱ ተረተረው፤ እሱም ደም ዓይኑን እንደጋረደው ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ ገንጥሎ በወንድሜ ቀኝ እጅ ላይ ከሰከሰው። አጥንቱ ሲደቅ ሰምቻለሁ። ሐኪሙ መቀስ የሚይዙት ጣቶቹ ዳግመኛ እንደማይታጠፉ ነግሮናል፤ ሦስት ልጆቹ የሚያድሩት ግን በዚያ መቀስ ነበር። ቡጢውን እናንተ እንዳልሰነዘራችሁ አላጣሁትም። ቢሆንም ተቃጥያለሁ፣ አንጀቴ አርሯል፤ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ጨዋታቸውን እስኪጨርሱ መታገሥ ምን ይጎዳችሁ ነበር?

የጎረቤቴን ደም ከግድግዳዬ እየፈገፈግሁ፣ ስለ ርካሽ ዋጋችሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ባለቤትነቱ ያልተረጋገጠ ታማኝ ደንበኛችሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናታችን መሐል ገብታ ሁለቱን አስታርቃቸዋለች። ከዚያ ወዲህ አንዱ በጀሶ የታሰረ እጁን፣ ሌላው የተሰፋ ግንባሩን ይዘው አብረው እየመጡ «የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አድራሻ ፈልግልን» እያሉ ይጎተጉቱኛል፤ እኔም መስመር የለም እያልኩ ሳቆያቸው ሰንብቻለሁ። ዛሬ ጠዋት መስመሩ መጥቷል።