ለአንድ ቦታ የመጡት ሽማግሌዎች

ሰኔ 2

ዛሬም ቤት ዋልኩ። ኤሲው እንደ ጉድ ይነፍሳል፣ ውጪው ደሞ ይቀቅላል። በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ ብል ማን ያምነኛል?

ሊና ሳሎን ሥራ ላይ ናት። ሥራ ትለዋለች። እኔ ልጆች በረዶ ላይ ሲጋጩ ከማየት ሌላ ስትሠራ አላየኋትም። ሆኪ ነው። የኛ ገና በይው... ሩሯ ጎማ ሆና፣ ሜዳው በረዶ ሆኖ፣ ጫማው ቢላዋ ሆኖ። ዳላስ ውስጥ፣ በዚህ ቃጠሎ!

የልጅ ልጄ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ። ቡድኗ አምና ከሁሉ መጨረሻ ወጣ። ማን ይግባ፣ ማን ይቀነስ የሚለውን አይታ ትጽፋለች፣ አለቃዋ ያነባል። «እማማ፣ ዘንድሮም ከተሸነፍን ሁላችንም እንባረራለን» አለችኝ። ይህን እያለች ትስቃለች። የሚባረር ሰው ይስቃል? የሆነ ነገር አለ።

እዚህ የምጽፈው ለሰው ባወራው በማግስቱ ጋርላንድ ቤተክርስቲያን ቀድሞኝ ስለሚደርስ ነው። የኔን ፊደል ደሞ ማንም አያነበውም። አንዳንዴ እኔም አላነበውም።

ሰኔ 4

«እማማ ና እይ» አለችኝ። ና ትለኛለች፣ እንደ ወንድ። ስንቴ አርሜያት ተውኩት።

ድራፍት የሚሉት ቀን ደርሷል። ቡድኖቹ ተራ በተራ ልጅ ይመርጣሉ። የተሸነፈው ነው ቀድሞ የሚመርጠው። መሸነፍ የሚያስሸልምበት አገር!

«ታዲያ አውቃችሁ አልተሸነፋችሁም?» አልኳት።

«እማማ!» ብላ ሳቀች። ልብ አልኩ።

አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ አሳየችኝ። ሁለት ጎል አገባ። «በቃ ይሄን ያዢው» አልኳት። «ግን ተመልሶ አይረዳም፣ እይ፣ ቆሞ ነው የሚያይ» አለች። እውነትም ቆሟል። ሌላው የሚኒሶታ ልጅ ነው፣ ተከላካይ። ዓይኑ አላማረኝም። ማንም ሳይነካው ይወድቃል።

«ወድቆ አይደለም እኮ። ሾቱን ብሎክ ሊያደርግ ነው የተኛው።»

«በሆዱ?»

«በሆዱ።»

በሆዱ ጎማ የሚያቆም ልጅ... እናቱ አታውቅም ማለት ነው። ወይ ታውቃለች፣ እሱ ይብሳል።

ሰኔ 11

ድራፍቱ ዛሬ ነበረ። የሚኒሶታውን መረጡት። ሊና ሶፋው ላይ ዘለለች። እኔ ስለ ዓይኑ ያልኩትን ማን ሰምቶኝ።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ልጅ የሚጫወተው በኖላዊ ቦታ ነው! ኖላዊ የየትምወርቅ ልጅ፣ የጋርላንዷ፣ ማኅበር አብረን የምንጠጣው። ከሀበሻ እሱ ብቻ ነው እዛ ቡድን ውስጥ። አባቱ አምሃ ታክሲ ሲነዳ አድሮ፣ ጠዋት ሳይተኛ ነው በረዶ ሜዳ እያደረሰ ያሳደገው። አሁን ልጁ ሃያ ዓመቱ ነው። ከሃያ በላይ አይጫወቱም፣ ስለዚህ ዘንድሮ መጨረሻው ነው። ዘንድሮ ከተጫወተ ኮሌጅ አይቶ በነፃ ይወስደዋል። ካልተጫወተ ማንም አያየው።

«ለሁለቱ ያለው አንድ ቦታ ነው» አለች ሊና።

«ማንን ልትቀንሺ ነው?»

«ኮንፊደንሻል ነው እማማ።»

ኮንፊደንሻል። ዳይፐሯን የቀየርኩላት ልጅ።

ሐምሌ 9

ልምምድ ጀምረዋል። ቪዲዮው በየቀኑ ይመጣላታል። እኔም እያለፍኩ አያለሁ... ሁልጊዜ ኖላዊ። አቁማ፣ መልሳ፣ አቁማ፣ መልሳ። ሻይ ይዤ ስመጣ ላፕቶፑን ዘጋችው።

«ስንት ኪሎ ነው ይሄ ልጅ?» አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

ሳታስብ ነገረችኝ። ቁመቱንም ጨመረችልኝ።

ያላገባች ልጅ የሰው ወንድ ኪሎ በቃሏ ታውቃለች?

ሐምሌ 10

ዛሬ ደሞ ምን እያየሽ ነው ስላት «እግሩን» አለችኝ። ሳታፍር። አራት ዓመት ትበልጠዋለች እኮ!

ሐምሌ 20

ከቅዳሴ በኋላ የትምወርቅ አቅፋ አለቀቀችኝም። እሷ እንኳን ማቀፍ፣ ስትጨብጥም በጣት ነው።

«ሊና ደህና ናት እማማ? እግዜር ይባርካት፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት! እሑድ እሑድ ቤት ነው የምትውል?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ።»

እንዲሁ የሚባል ነገር የለም። ደሞ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ በፌስታል አሸከመችኝ። ቤት ገብቼ ከፍቼ አሸተትኩት። ጥሩ በርበሬ ነው። ይሄ ነው እኮ የባሰ ያስጠረጠረኝ። የወንድ ልጅ እናት ጥሩ በርበሬ የምትሰጠው መቼ ነው?

ለእናቷ ለትዕግሥት ልንገራት ብዬ ተውኩት። ከኤርፖርት ሥራ ደክሟት ትገባለች፣ መጮህ ነው የምትጀምረው።

ነሐሴ 7

አቶ ይርጉ ደወሉ። የአምሃ አጎት ናቸው፣ ትልቅ ሰው፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከጋርላንድ አይወጡም።

«ወይዘሮ የሺሐረግ፣ እሑድ ለጉዳይ እንመጣለን።»

«ምን ጉዳይ?»

«በስልክ አይሆንም። ልጅቷ ባትኖር ይመረጣል።»

አለቀ። ሽማግሌ ነው። ቀኝ ዓይኔን ከሥሩ ሲያርገበግበኝ ሰንብቶ ነበረ... ይሄ ነበረ ለካ። እና ሊና ታውቃለች? ታውቃለች እንጂ! ለዚህ ነው ላፕቶፑን የምትዘጋው። እናቷም አያቷም እያለን፣ በበረዶ ላይ ተጨራርሰው!

ልጁ መጥፎ አይደለም። ግን ቦታው እንኳን ያልለየለት ልጅ ነው። ቢቀነስስ? በምን ሊያኖራት ነው?

ነሐሴ 11

እስካሁን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሳቅ ይሁን ከሐፍረት እኔ እንጃ።

ሊናን ግሮሰሪ ላክኋት። ሦስት ሆነው መጡ፤ ቀሲስ ዘማርያም፣ አቶ ይርጉ ዱላቸውን ይዘው፣ አንድ የማላውቃቸው ሰውዬ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ፍልሰታ ስለሆነ ሻይና ቆሎ አቀረብኩ። አልነካ አሉ። ተቀመጡ ስላቸው አልቀመጥ አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ይርጉ። በዛ ጉልበታቸው ቆመው!

ቀሲስ ጀመሩ። «የመጣነው ስለ ልጃችን ስለ ኖላዊ ነው። ከእርስዎ ልጅ እጅ የሚገኝ ነገር ፈልገን...»

እኔ ምን ሆንኩ! አላስጨረስኳቸውም።

«አባቴ፣ አራት ዓመት ትበልጠዋለች። ሥራዋ የሚያስተማምን አይደለም። እሱም ትምህርቱን አልጨረሰም። ልጄን ቸኩዬ አልድርም፤ እናቷም አልሰማች፣ አባቷን ደሞ ካሊፎርኒያ ድረስ መጠየቅ አለብኝ።»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ያ የማላውቃቸው ሰውዬ ሳል ያዛቸው፣ ግን ሳል አልነበረም።

«ኧረ ወይዘሮ የሺሐረግ፣ የምን መዳር?» አሉ አቶ ይርጉ። «ልጁ ከቡድን እንዳይቀነስ ነው የመጣነው!»

«ከቡድን?»

«ከሆኪው! አሁን ከተጣለ ኮሌጁ ቀረ። አባቱ ሰው ፊት መናገር አይችል፣ እኛን ላከ። ትልቅ ሰው የለመነለትን ልጅ እንዴት ትጥላለች ብለን።»

ለኳስ ጨዋታ ሽማግሌ! እንደዚህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ግን ቆመዋል... አቶ ይርጉ ዱላው ላይ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ቆመዋል። እምቢ ብዬ ልሸኛቸው?

«ስለ እግዜር ተቀመጡ። እነግራታለሁ» አልኩ።

ያን ጊዜ ተቀመጡ። ቆሎውን ጨረሱት። ሲወጡ ቀሲስ ዘማርያም «የመዳሩን ነገር ሌላ ቀን እናየዋለን» አሉና ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ነሐሴ 12

ነገርኳት። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆሙ፣ እኔም ቃል ሰጠሁ አልኳት። የመዳሩን ዘልዬ።

ትስቃለች ብዬ ነበረ። ቀለሟ ተለወጠ።

«ማን ነው የመጣው? ለምኚልን ነው ያሉሽ? እነሱ ናቸው ወይስ ኖላዊ ራሱ?»

«አባቱ ነው የላካቸው። ልጁ አያውቅም። ምን አለበት? ታላቅ ሰው ቢለምን...»

«እማማ፣ ምን አደረጋችሁ!» ቁጭ አለች። «እኔ ኖላዊ ቡድኑ ውስጥ ይቆይ ብዬ ጽፌያለሁ። ካሉት ሁሉ እሱ ቤስት ነው። ሰመር ሙሉ እሱን ሳይ የነበረው ለምን ይመስልሻል? ሪዝን ሊኖረኝ! ሀበሻ ስለሆነ ነው እንዳይሉኝ!»

እኔ እግሩን፣ እግሩን ስትለኝ...

«ታዲያ ጥሩ አይደል? እነሱም የሚፈልጉት ይሄን ነው።»

«አይደለም። ፋሚሊ መጥቶ ከለመነኝ ለአለቃዬ መናገር አለብኝ። ሕግ ነው። ከነገርኩ ደሞ ከውሳኔው እወጣለሁ። እኔ ከወጣሁ ኮቹ ብቻውን ይወስናል። ኮቹ የሚኒሶታውን ነው የሚወደው።»

«ዝም በያ! ሦስት ሽማግሌና እኔ ነን የምናውቀው።»

«እኔም አውቃለሁ እማማ።»

ተነሥታ ክፍሏ ገባች። እውነቷን ይሆን? ወይስ ልትቀጣኝ ብላ ነው? ስንት ጊዜ አሰብኩት። ይሄ ልጅ ያለ ሽማግሌም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበረ ለካ። እኛ መጥተን አስነሣነው።

ነሐሴ 13

ጠዋት ወጣች። አለቃዋ ጋ ሄዳ ነገረችው። «ታንክ ዩ ብሎኛል» አለች። እኔም ከዛ በላይ አልጠየቅኩም። እኔ!

ነሐሴ 20

ላፕቶፑን አሁን አትዘጋም። የኖላዊ ቪዲዮም አይመጣላትም። በረኞች ብቻ ነው የምታየው። ስጠጋት በረኛ ታሳየኛለች። አንዱ በጣም ወፍራም ነው አልኳት። ልብሱ ነው አለች።

እናቷ ትዕግሥት «እናንተ ተጣልታችኋል እንዴ?» አለች። «ምን ያጣላናል?» አልን፣ ሁለታችንም እኩል።

ነሐሴ 27

ተቀነሰ።

ሲወስኑ ሊና ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ውጪ መኪና ውስጥ ሆና ጠበቀች፣ ልጁ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ አየችው። ላናግረው ብላ መስኮት ከፈተች፣ እሱ ራሱ «ኢትስ ኦኬ ሊና» ብሏት አለፈ። ይህን ስትነግረኝ ፍሪጁን ከፍታ ቆማ ነበረ፣ ምንም ሳታወጣ።

«ሌላ ቡድን ይወስደው ይሆናል?» አልኳት።

«አሁን ሁሉም ሞልቷል። ሜቢ አንድ ሰው ከተሰበረ።»

የሰው አጥንት እንዲሰበር ልጸልይ? ልጸልይ ብዬ ጀምሬ ተውኩት።

ጳጉሜ 2

ጋርላንድ ቤተክርስቲያን ሄድኩ። መሄድ አልፈለግሁም ነበረ፣ ግን ከቀረሁ አምልጣለች ነው የሚባለው።

አዳራሹ ውስጥ የትምወርቅ አጠገቤ መጣች። አልጨበጠችኝም፣ በጣትም።

«እማማ፣ ልጅዎ የገዛ ወገኗን ገፍታ ለፈረንጅ ቦታ ሰጠች። እግዜር ይይላት።»

አቶ ይርጉ ደሞ በዱላቸው ወንበሬን ነካ ነካ አድርገው «ለመሆኑ ነግረዋታል?» አሉኝ።

«ነግሬያታለሁ።»

«በደንብ?»

«በደንብ ነው የነገርኳት አቶ ይርጉ።»

አዩኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ የኔ ነው። ሰውን ስጠረጥር እንደዛ ነው የማይ። በሰው ላይ ሲሆን እንዲህ ያቃጥላል ለካ።

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። የጣለው የናንተ ሽምግልና ነው! ሊናማ ጽፋለት ነበረ! ይቺን ብናገር የትምወርቅ እዛው ትቀመጥ ነበረ፣ አቶ ይርጉም ያቺን ዱላቸውን ይዘው ይሄዱ ነበረ። አፌን ከፈትኩ። እውነት ነው፣ ከፈትኩ።

አምሃ መጣ። ሻይ ይዞልኝ ነው የመጣ፣ ሰውየው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሲነዳ አድሮ ነው።

«እማማ፣ አይዘኑ» አለኝ። እኔን! «የትምወርቅ ከንዴቷ ነው። እኔ ግን አባት የሚያደርገውን አድርጌያለሁ። ሽማግሌ እንኳን ልኬለታለሁ። ሌላው ቢቀር ይሄ አይቆጨኝም።»

አፌን ዘጋሁ። ሻዩን ጠጣሁ። ስኳር በዝቶበታል፣ እሱንም አልተናገርኩም።

«ልጁስ ምን ይላል?» አልኩት።

«ኤርፖርት ዕቃ መጫን ሊጀምር ነው። ሥራ ነው መቼስ።»

ሊና መጥታ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ልነግራት ፈለግሁ... የትምወርቅ እንዲህ አለችሽ፣ አንቺን ነው የሚረግሙት፣ እኔም ዝም አልኩ ብዬ። እንዴት ብዬ ልጀምረው? ሃይዌዩ አለቀ።

«እማማ፣ ዛሬ ለምን አታወሪም?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

ገልመጥ አድርጋ አየችኝ። አላመነችኝም። ግን መኪናዋን ፓርክ ሳታደርግ ለጥርስ ሐኪም ደወለች፣ ቀጠሮም ያዘችልኝ። ለሐሙስ ነው። ምንም ያልሆነ ጥርሴን ይዤ እሄዳለሁ እንግዲህ።