ዘጠነኛው ጥያቄ፤ ወደ ሴንት ኦርሶላ ስለመሄድና ስለመቅረት

ለክቡር ሚስተር ኦገስተን ፕሬቮስት
የሴንት ኦርሶላ ደሴት የቱሪዝም ቦርድ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ፣ ጤናዎ በላኩልኝ ብሮሹር ላይ እንዳለው ሰማይ አንዲት ደመና የማይታይበት ይሁን እያልኩ፣ ከሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ፣ ከተንደር ቤይ ከተማ፣ አካፋ ይዘው በረዶ ከሚዝቁ ጎረቤቶቼ መካከል ሆኜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ እንደ ዕድሜዬ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ቨርናም ደህና ናት፤ ስለ እርሷ ደህንነት ወደ ኋላ በሰፊው ስለምመለስበት ለጊዜው ይህን ያህል ይበቃል።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ በግልጽ ማውጣቴ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ሦስት ጊዜ በግል ጽፌልዎ ሦስት ጊዜ ያንኑ መልስ በተለያዩ ፎቶግራፎች አስጊጠው ስለላኩልኝ፣ ብቻዬን ሳነብ ያልገባኝ ነገር ካለ የከተማው ሕዝብ አብሮኝ ሲያነበው ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። አርቮ ኬቱነን እባላለሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በወደቡ የእህል ጎተራዎች የጥራት መርማሪ ነበርኩ። ስንዴ ጭኖ የሚመጣ ፉርጎ ሁሉ ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ጫኙ ሞኝ ካልሆነ በቀር እንክርዳዱንና የሻገተውን ከላይ አያደርግም። የእኔ ሥራ ረጅም ቱቦ እስከ ፉርጎው ወለል ሰድጄ ከሥር ያለውን ማውጣት ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን አባባል ሌላው ሰው ለምክር ይጠቅሰዋል፤ እኔ ግን እንጀራዬን በልቼበታለሁ። ስለዚህ የደሴትዎን ሰማያዊ ባሕር ባየሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳቤ ከሥሩ ምን አለ የሚል ቢሆን፣ እርስዎን ከመናቅ ሳይሆን ከሙያ የተረፈኝ በሽታ ነው ብለው ይለፉኝ።

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ ነው። ባለፈው የጸደይ ወራት የልብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ፣ ሐኪሟ ለአርባ ሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን የምንገባበትን፣ በጓሯችን ያለውን የእንፋሎት ቤት ከለከላት። እኛ ከፊንላንድ የመጡ ሰዎች ልጆች ነን፤ ቅዳሜ ያለ እንፋሎት ለእኛ ቅዳሜ አይደለም። እርሷ ግን አላማረረችም፤ ካልሲ ደርባ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ኅዳርን ተሻገረች። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «አርቮ፣ ሳልሞት አንድ ጊዜ የማያንቀጠቅጥ ውሃ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ» አለችኝ። የሱፒሪየርን ውሃ ያልቀመሰ ሰው የዚህ ንግግር ክብደት አይገባውም። ሐኪሟም በየካቲት መጓዝ ትችላለች ብሎ ፈቀደ። ካሉት ደሴቶች ሁሉ መርጣ ጣቷን ያሳረፈችው በእርስዎ ደሴት ላይ ነው።

እኔም እንደ ልማዴ መመርመር ጀመርኩ፤ ስለ ደሴትዎ የሚባለው ሁሉ እርስ በርሱ የተጣላ ሆኖ አገኘሁት። የመንግሥታችን መሥሪያ ቤት ካርታውን ቢጫ ቀብቶ ከፍ ያለ ጥንቃቄ አድርጉ ይላል፤ ደውዬ ከምን ልጠንቀቅ ብላት ሠራተኛዋ በአጠቃላይ ነው አለችኝ። ባለፈው ወር እዚያ ሄዶ የተመለሰው ጎረቤቴ ጎርዲ ማክፌይል ገነት ነው ይላል፤ ይህን የሚለው ግን በጄሶ የተጠቀለለ ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ሲሆን፣ ምን ነካህ ስለው ወሬ ይለውጣል። ከእንግዶች አስተያየት ደግሞ ቨርና ባለ አምስት ኮከቡን ብቻ ታነባለች፣ እኔ ባለ አንድ ኮከቡን ብቻ፤ በመሆኑም በአንድ ገበታ ተቀምጠን ስለ ሁለት ደሴቶች እናወራ ነበር። እርግጥ ከእኔዎቹ መካከል እንሽላሊት ዳቦዬን በላብኝ ብሎ፣ በሠርጌ ቀን ዘነበ ብሎ አንድ ኮከብ የሰጠ አለ፤ እነዚህን ንቄ አለፍኳቸው። አንዲት ሴት ግን «ታምሜ ሳለሁ የመጣልኝ ሰው የለም» ብላ አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ ከዓይኔ አልፎ ልቤ አልገባም።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ። በላኩልኝ አሥራ ሰባት ፎቶግራፎች ሁሉ ላይ የሆቴሉ የባሕር ዳርቻ ግራ ጫፍ የለም። እዚያ ቦታ አንድ ጊዜ ዘንባባ፣ አንድ ጊዜ ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቀች ወይዘሮ፣ በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ፈገግ ያሉት እርስዎ ራስዎ ቆመዋል። መልክዎን ለማወቅ ስላበቁኝ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም ከትከሻዎ ኋላ ያለውን ለማየት አንገቴን ብዙ አጣመምኩ።

ሁለተኛ። ደኅንነቱ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቅ የሆቴሉ አጥር ሦስት ሜትር ከፍታ እንዳለው በኩራት ገለጹልኝ። ልኩን በትክክል ስለነገሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አጥሩ ማንን ከማን እንደሚጠብቅ ግን አልነገሩኝም፤ ከውጭ ያሉት ሰዎችዎ እንደዚያ የሚያስፈሩ ከሆነ፣ ብሮሹሩ ላይ የዓለም ደግ ሕዝብ ተብለው አናናስ ይዘው የሚስቁት እነማን ናቸው?

ሦስተኛ። ይህችኛዋ ለእኔ ዋናዋ ናት። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ አሥራ አራት ጥያቄዎች አቅርቤልዎ ነበር። በአሥራ ሦስቱ ላይ ያሳዩት ትጋት የሚደነቅ ነው፤ ስለ እንሽላሊቶቹ ጠባይ ብቻ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈውልኛል። ዘጠነኛው ጥያቄዬ ከሆቴሉ እስከ ሆስፒታሉ ስንት ደቂቃ ነው፣ እሁድስ ሐኪም ይገኛል ወይ የሚል ነበር። በዚያ ቁጥር ሥር የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «ፀሐያችን ከመድኃኒት ሁሉ ትበልጣለች።» በሁለተኛው ደብዳቤዬ ዘጠነኛዋን ብቻ ጠየቅኩ፤ ፀሐይዋ በቀለም ታትማ መጣችልኝ። በሦስተኛው ከሥሯ አሰመርኩባት፤ የቦርዱ ዓርማ ያለበት ባርኔጣ ተላከልኝ። ባርኔጣው ልክ ሆኖኛል፤ በረዶ ስዝቅ ከሱፍ ቆቤ ላይ ደርቤ አደርገዋለሁ።

አራተኛዋን ቅሬታ ባለቤቴ ይህን ረቂቅ ስታነብ ሰርዛታለች። ስለ እርስዎ ፈገግታ ነበረች።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሁኔታ ያደረግኩት ውሳኔ መቅረት ነበር። ለቨርናም የማያውቁት አገር አይናፍቅም ብዬ፣ ዘንድሮ ይለፈን አልኳት።  እርሷም የጎርዲን ክንድ ጉዳይ አነሳችብኝ። ሚስቱን ጠይቃ ኖሯል፤ ሰውየው የወደቀው ደሴትዎ ላይ ሳይሆን ሲመለስ፣ ሻንጣውን እንደያዘ፣ በረዶ የሸፈነው የገዛ ደጃፉ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት በረዶ የረገጠ ሰው አሥር ቀን አሸዋ ላይ ውሎ መራመድ ረሳሁ ማለቱን አፍሮበት ነው ወሬ የሚለውጠው። ይህን ነግራኝ ስታበቃ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ከሥር ስትምስ ኖረህ፣ ዛሬ የፉርጎውን ላዩን የሚቀባውን ሰውዬ ትጠይቃለህ?» አለችኝ።

ስልኩን አንስታ ሆቴሉ ጋ ደወለች። እንግዳ መቀበያው ሙዚቃ እያሰማ ብዙ ካቆየን በኋላ መስመሩን ወደማናውቀው ቦታ አዞረው። በመጨረሻ ከኋላዋ ማሽን የሚያጓራባት አንዲት ሴት፣ «ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ምን ጠፋብዎት?» አለች።

ቨርናም፣ «እስካሁን ምንም አልጠፋብኝም ልጄ፤ ገና አልመጣሁም» አለቻት።

ሴትዮዋ ሳቀች። ማሽኑን አጠፋችው። ሁለቱ ስለ አንሶላና ስለ ልጆች ሲጨዋወቱ ታግሼ ታግሼ ስልኩን ተቀበልኩና ዘጠነኛውን ጥያቄ እርስዎን በጠየቅኩበት ቃል ጠየቅኳት። ስለ ፀሐይ ምንም አላነሳችም።

«አባቴ፣ መንገዱ ደረቅ ከሆነ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው» አለችኝ። «ዝናብ ከጣለ ድልድዩ ጋ ይቆማሉ፤ ያኔ አንድ ሰዓት ይበሉት። እሁድ ሐኪሙ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግን ቤተ ክርስቲያኑ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ስለሆነ ዘበኛው ገብቶ በእጀታው ጎትቶ ያመጣዋል። የእናቴም ልብ እንደዚሁ ነው፤ ሁለት ጊዜ አድርሻታለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ በእግሯ ተመልሳለች።»

ሌላም ብዙ ነገረችኝ። መድኃኒቱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ እንድንይዝ፣ ፎቅ ላይ ሳይሆን በሩ አጠገብ ምድር ቤት ያለውን ክፍል እንድንጠይቅ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ መብራት እንደሚጠፋ፣ ከአጥሩ ውጭ በሩን አልፎ ሁለተኛው ቤት ሄደን ዓሣ ብንበላ የሆቴሉን እንደማንነካው። ሦስት ሜትሩን አጥር በየቀኑ ጠዋት ከውጭ ወደ ውስጥ የምታልፈው እርሷ ናት። ስለ ፎቶግራፉ ግራ ጫፍ ስጠይቃትም አላመነታችም፤ «በዚያ በኩል አይዋኙ። እኔ ያን ሁሉ አንሶላ ያጠብኩበት ውሃ የት የሚሄድ ይመስልዎታል?» አለችኝ። እነሆ እርስዎ በአካልዎ ቆመው የሸፈኑልን ምሥጢር ይህ ነው፤ ለባሕሩ ያለዎት ፍቅር እስከዚህ መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አመስግኛት ልዘጋ ስል አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «አባቴ፣ የፈሩት ለእርሷ ነው ወይስ ለራስዎ?»

ለእርሷ ነው አልኳት። ቨርና ከገበታው ማዶ ሆና አየችኝ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ውሸቴን ነበር። ቨርና ሐኪሙ ደረቷን ሊከፍት ሲል እንኳ ቀልዳለች። የፈራሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን በአውሮፕላን ተሳፍሬ መመለስን፣ ያን የእንፋሎት ቤት ብቻዬን ማሞቅን ፈርቼ፣ እርሷን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልዬ ላኖራት ነበር፤ ለዚህም እርስዎን ምክንያት አድርጌዎታለሁ። ይህን በጋዜጣ ላይ መጻፍ ለአንድ የፊንላንድ ሰው ልጅ ከቀዶ ሕክምና የሚያንስ ነገር እንዳልሆነ ጎረቤቶቼ ይመሰክሩልኛል። ሆኖም በእርስዎ ላይ የጨከነ ሰው በራሱ ላይም ካልጨከነ ሚዛኑ የተዛባ ነው።

በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኔ ከሥር የወጣው ናሙና ከላዩ በልጦ የተገኘባቸው ፉርጎዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ደሴትዎ ሦስተኛው ሆኖ በመዝገቤ ገብቷል።

ስለዚህ በየካቲት አጋማሽ እንመጣለን። በሩ አጠገብ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ይዘናል፤ የምንዋኘውም በቀኝ በኩል ነው። ድልድዩን እስከዚያ ያሠሩልን ዘንድ አላስቸግርዎም፤ ለፎቶግራፍ በማይመች ቦታ ላይ መሆኑን ተረድቻለሁና። ለአሥራ ሦስቱ መልሶች፣ ለአሥራ ሰባቱ ፎቶግራፎችና ለባርኔጣው ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በአካል ቀርቤ ለመክፈል ያብቃኝ እያልኩ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ጡረታ ሲወጣ ቱቦውን ያልመለሰው
አርቮ ኬቱነን

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አንብበው ወደ ልብስ ማጠቢያው ሰው ለመላክ ከቃጣዎት እንዳይደክሙ አስቀድሜ ልንገርዎ። ልብስ ማጠቢያ ያልኩት ወጥ ቤቱ ሊሆን ይችላል፤ ሴት ያልኩትም አትክልተኛው ሰውዬ ሊሆን ይችላል፤ የሆቴሉን ስምም እንዳልጠቀስኩ ልብ ይበሉ። ስንደርስ ግን በደሴትዎ ላይ አንድ ሰው እውነት በመናገሩ ከሥራው ተባርሮ ካገኘን፣ በሕይወት ዘመኗ ከአምስት ኮከብ በታች ሰጥታ የማታውቀው ባለቤቴ የመጀመሪያዋን ባለ አንድ ኮከብ አስተያየት እንደምትጽፍ ቃል ገብታለች። ከፎቶግራፍ ጋር፤ በግራ በኩል ተነሥቶ።