አባባ በማኅበሩ ፊት የተናገሩት

ውድ ወንድሜ ሰብሐት፣

ሰላምታዬ ካለህበት ሐዋሳ ይድረስህ። ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም፤ ይህን ግን እየደጋገምክ እንድታነበው ስለፈለግኩ ጻፍኩልህ። ስምህ ነጻ ወጥቷል።

እህል በረንዳ ያለው መጋዘናችን ሲቃጠል፣ ከጎኑ የነበረው የጋሽ አሚር ቅመም ቤትም አብሮ ነደደ። ሰብሐት ሲጋራ ጥሎ ነው ተባለ። አባባም አንገታቸውን ደፍተው "ልጄ ነው፣ ምን ላድርገው" አሉ። ሰፈሩ ለእሳቸው አዘነ፣ አንተን ረገመ። ጋሽ አሚር ሰላምታህን እንኳ መመለስ ተዉ። አንተም አንዲት ቃል ሳትመልስ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ።

ከዚያ ወዲህ የአባባ ጸሎት ረዘመ። ቤተ ክርስቲያን ከሰው ሁሉ ቀድመው ይገባሉ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ይወጣሉ። "እንደ ጋሽ ሀብተ ወልድ ያለ ጸሎተኛ የት ይገኛል" ሲባል እኔም እኮራ ነበር። ያንተ ስም ከተነሣ ግን ዳዊታቸውን ገልጠው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

በዘንድሮው ጾም አንድ ቀን ጠዋት አባታችን ሆይ ብለው ጀመሩና "በደላችንን ይቅር በለን" የሚለው ላይ ሲደርሱ ቃሉ አልወጣ አላቸው። ደግመው ሞከሩ፣ እንቢ አለ። የታመሙ መስሎኝ ነፍስ አባታቸውን አባ ይገረምን ጠራሁ። ሁለቱ ብቻቸውን ብዙ ቆዩ። የተባባሉትን አባባ ራሳቸው ናቸው በኋላ የነገሩኝ።

መጋዘኑ የተቃጠለ ቀን አመሻሽ ላይ እዚያው ውስጥ ጧፍ አብርተው ሲጸልዩ ስልክ ተደወለላቸው፤ ጧፉን ሳያጠፉ ወጡ። ጧፉ የቆመው ከጆንያው ሥር ነበር።

"ለእግዚአብሔር እኮ ሁልጊዜ እነግረዋለሁ" ብለዋቸው ኖሯል አባባ።

"እሱማ ቀድሞም ያውቃል" አሏቸው አባ ይገረም። "የማያውቀው ልጅህን የረገመው ሰው ነው።"

የወሩ ጽዋ ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። አባባ ጋሽ አሚርን ራሳቸው ሄደው ጠሯቸው። ሰው ምርቃት ሲጠብቅ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡና መሬት ላይ ተንበረከኩ። ሊያነሷቸው የተሯሯጡትን በእጃቸው ከለከሉ።

"መጋዘኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ጸሎተኛው ሰውዬ ሰፈር አቃጠለ እንዳልባል ፈርቼ ልጄን አሳልፌ ሰጠሁት። ሰብሐት ምንም አላጠፋም።"

አንዱ ማኅበርተኛ "ያለፈ ነገር ነው፣ ይተዉት" ሊላቸው ጀመረ።

"አላለፈም" አሉት አባባ። "ልጄ እስካሁን ቤቱ አልገባም።"

ጋሽ አሚር ሲነሡ ጥለው የሚወጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን መጥተው ከፊታቸው ቁጭ አሉና ትከሻቸውን ያዙ።

"ሀብቴ፣ እኔም እኮ ያን ልጅ በድዬዋለሁ" አሉ። "ብቻህን አትሄድም፤ አብረን እንሄዳለን።"

እትዬ ቦሰና ናቸው እልልታውን የጀመሩት። ማኅበርተኛው ተቀበላቸው፣ ግቢው ቀለጠ። ጎረቤት ሰርግ አለ ወይ ብሎ ሊጠይቅ መጣ። እኔም እያለቀስኩ እልል አልኩ፤ ስምህ እንዲያ በደስታ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አባባ በዚህም አልበቃቸውም። በማግስቱ በረንዳውን ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ላልሰማው ሁሉ ነገሩ። ተሸካሚዎቹ ጆንያ አውርደው አዳመጧቸው። አሁን የሚያላግጡባቸው አሉ፤ "ጧፉ" ብለው ቅጽል ስም አውጥተውላቸዋል። አባባ ሲሰሙ ከልባቸው ይስቃሉ። ጸሎታቸው አጥሯል፤ "ማረኝ፣ አጥፍቻለሁ" ብለው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ፊታቸውን ብታየው የዳኑ በሽተኛ ይመስላሉ።

ቅዳሜ ወዳንተ እንመጣለን፤ የሚነዱት ጋሽ አሚር ናቸው። አባባ እንዳልለምንላቸው አስጠንቅቀውኛል። "በሩን ቢዘጋብኝ መብቱ ነው፣ እኔ ግን ደጁ ላይ ቆሜ እነግረዋለሁ" ብለዋል። ስለዚህ አልለምንህም። ብትምርም ባትምርም አንድ ነገር እወቅ፤ መርካቶ ውስጥ ካሁን ወዲያ አንገትህን ደፍተህ የምታልፍበት በረንዳ የለም።

ቅዳሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ኋላ ደጅህ የምትቆመው እህትህ፣
ሐመልማል