ማን መረቀሽ?

እሁድ፣ ሰኔ 29

ልጄ ሶስና ትናንት ከኬጂ ተመረቀች። ዛሬ ከአስኮ በላይ ወዳለው ጫካ ስንወጣ ጋወኗን አላወልቅም ብላ ጭቃውን ስትጠርግበት ዋለች። እናቷ ተናደደች፤ እኔ ግን ልቤ በኩራት አብጦ መቆጣት አቃተኝ።

መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘን።

«ተመረቅኩ!» አለቻቸው።

«ማን መረቀሽ?»

«ቲቸር።»

ሳቁና እጃቸውን ዘረጉ። «በይ እኔም ልመርቅሽ። እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ለወገን የምትተርፊ ያድርግሽ!»

«አሜን» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። «አባባ፣ አባዬንም ይመርቁት። እሱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆመ አልተመረቀም።»

እናቷ መሬት መሬቱን አየች። እኔ ኮፍያዬን አውልቄ ጎንበስ አልኩ። መርቀውኝ ሲጨርሱ አሜን ማለት አቃተኝ፤ ሶስና አለችልኝ።