ዘቢብና ድርብ ብዙ ቁጥር

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እኅቴ ኦቲሊያ እነዚህን ሁለት አይጦች ከቤታችን እንድታስወጣ የማቀርብላትን ማስረጃ ቀን በቀን ለመመዝገብ። በቃል ስናገር እቆጣለሁ። ስቆጣ ዐረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ እተወዋለሁ። ይህን ጥፋት ደግሞ ቋንቋ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ለማንም ተማሪ ይቅር ብዬ አላውቅም።

አይጥ አይደሉም ትላለች። ዴጉ የሚባሉ ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳት ናቸው። እሺ... ከከተማችን ከሊማቼ በላይ ያለው ኮረብታ በዴጉ የተሞላ ነው። የአቮካዶ ገበሬ ሁሉ ጠዋት ማታ የሚረግመውን ፍጥረት ቤት አስገብቶ ስም ማውጣት ምን ይባላል? ካኔላ እና ሞራ። ሁለቱም ሴቶች። ቃሉ በ‹ዴ› እንጂ በ‹ደ› እንደማይጻፍም ይመዝገብ። ደግነት አላየሁባቸውም።

ሐሙስ የኦቲሊያ ቀን ነው። ባልቴት ጓደኞቿ ለአሥራ አንድ ሰዓቱ ሻይ መጡ። ዳቦ፣ ኬክ፣ ከወተትና ከስኳር የተነጠረው ማንሃር። እኔ እንደ ልማዴ ዳቦዬን ቀብቼ ወደ ክፍሌ ልገባ ስል አየሁ። ኦቲሊያ ማንኪያውን ማንሃር ውስጥ ነክራ ለሞራ አስላሰቻት።

"ይቅመሱ እንጂ የኔ ወይዘሮ! ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ይሁን?"

ለአይጥ ‹እርስዎ›። ለእኔ፣ ለታላቅ ወንድሟ፣ ‹አንተ›።

ከዚያ ያንኑ ማንኪያ ወደ ሳህኑ መለሰችው። እኔ ዳቦዬን የቀባሁት ከዚህ በፊት ነው ወይስ ሞራ ቀደም ብላም ልሳው ነበር? አለማወቁን መረጥኩ። ዳቦውን ግን ሳህኑ ላይ ተውኩት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 5

ካኔላ የገዛ በጠጧን ስትበላ አየኋት። ቁጭ ብላ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ብስኩት። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11

ዛሬም ትርዒት። ኦቲሊያ ዘቢብ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ አይጦቹ በኋላ እግራቸው ይቆማሉ፤ ባልቴቶቹ ያጨበጭባሉ። ከሁሉ በላይ የምትጮኸው ጎረቤታችን ዶኛ ብሪሂዳ ናት። ኬኩን ሳትውጥ።

"ጋሼ ኤቫሪስቶ፣ ይምጡ እንጂ! ስናጫውታቸው ይዩ!"

"እያጫወታችኋቸው አይደለም፤ እየተጫወታችሁባቸው ነው። በሁለቱ ግሦች መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።"

"ኡኡቴ! ኦቲሊያ፣ ወንድምሽ ለአይጦቹም ፈተና ሊያወጣ ነው!"

ሳቁ። የኬክ ፍርፋሪ ከአፍ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ አይጦቹ የሽቦ ቤት... ፍርፋሪውን ማን ማንን እንደሚያበላ መለየት አቃተኝ።

አንድ ነገር ግን። ሞራ ዘቢቡን ሳተችው። አፍንጫዋ ሥር ነበር፤ እሷ ግን አየሩን ዳበሰች። ይህም አሳቃቸው። ጠዋት የተሞላው የውኃ ጠርሙስም ማታ ባዶ ነበር። ይህን ለምን እጽፋለሁ? ማስረጃ ስለሆነ። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ሁሉ ውኃ ነውና።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13

አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ ሽቦው አጠገብ ተቀመጥኩ። የሞራ ግራ ዐይን ነጭ ሆኗል። የተቀቀለ እንቁላል። ቀኙም ጀምሮታል።

ለኦቲሊያ ነገርኳት።

"እርጅና ነዋ፣ ጋሼ። አንተስ ያለ መነጽር ታያለህ?"

"እኔን ማንም ማንሃር አያስልሰኝም።"

"ለዚህ ነዋ ፊትህ የማይፈታው!"

የተነጠፈላቸው ድርቆሽ በሽንት ርሶ ተጣብቋል። ማን ያጸዳዋል? እሷ ወገቧን ያማታል... አጸዳሁት። በጓንት። ደጋግሜ ታጠብኩ። እጄ አሁንም ይሸታል፤ ይህንም የምጽፈው ገጹን ከአፍንጫዬ አርቄ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16

ሁለቱን በካርቶን ይዘን ሄድን። የእንስሳት ሐኪሟ ያስና የቀድሞ ተማሪዬ ናት።

"መምህር! ድርሰቴን በቀይ ሞልተው የመለሱልኝ ቀን መቼም አይረሳኝም።"

"ይገባሽ ነበር።"

"እሺ፣ ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ምን ምን ያበሏቸዋል?"

መልሱን ለኦቲሊያ ተውኩላት። ዘቢብ... ማንሃር... ኬክ... እሑድ እሑድ ሙዝ። "ግን ትንሽ ትንሽ ነው" እያለች። የያስና ፈገግታ ጠፋ።

የዴጉ አካል ስኳርን አይችለውም። ሞራን የስኳር በሽታ ይዟታል። ዐይኗ አይመለስም፤ እሷም ብዙ አትቆይም። የካኔላ ዐይን ገና ጥሩ ነው። በዚሁ ከቀጠለ ግን... ያስና ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳትም።

የሚበሉት ድርቆሽ ነው፤ መራራ የሜዳ ቅጠል፤ አልፎ አልፎ አንድ የሱፍ ፍሬ። "ደብቁላቸው። ፈልገው፣ ቀደው፣ ቆፍረው ሲያገኙት ነው የሚደሰቱት" አለች። የካኔላን ከንፈር ገልጣ ብርቱካናማ ጥርሷን አሳየችኝ። ወደ ኋላ አልኩ። "አይሸሹ መምህር፣ ጤነኛ ጥርስ እንዲህ ነው። የሚያሳስበው ሲነጣ ነው።" እኔ ደግሞ የሞራ ጥርስ መንጣቱን የንጽሕና ምልክት አድርጌው ነበር።

መንገድ ላይ ኦቲሊያ፦ "ሐኪሟ ገና ልጅ እኮ ናት። አንድ ዘቢብ ማንን ገደለ?"

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18

አንድ ዘቢብ። ከዚያ ሌላ። ለካኔላ! የሐኪሟ ቃል ከጆሯችን ሳይወጣ!

ከክፍሌ ወጥቼ የዘቢቡን ሳህን ከጠረጴዛው አነሣሁ። 

"ምነው ጋሼ፣ ለብቻዎ ሊበሉት ነው?" አለች ብሪሂዳ።

"በቤቴ! በእንግዶቼ ፊት!" አለች ኦቲሊያ።

"ቤቱ የአባታችን ነው። የካኔላ ዐይን ግን የራሷ ነው።"

ሳህኑን የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ገለበጥኩት። መገልበጡ ቢቀር ይሻል ነበር? ማንሣቱ ይበቃ ነበር? ዶኛ ብሪሂዳ ጎንበስ ብላ ከቅርጫቱ ውስጥ ዘቢቡን ስትለቅም አየኋት። ከእንቁላል ቅርፊት ላይ... ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኦቲሊያ ከዚያ በኋላ በአንዲት ቃል አላናገረችኝም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20

ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። "ሁለተኛ እንስሳቶቼን እንዳትነካ።"

እንስሳቶቼ! ‹እንስሳት› ራሱ ብዙ ቁጥር ነው። ‹ኦች› ሲጨመርበት በብዙ ላይ ብዙ፣ ድርብ ብዙ ቁጥር ይሆናል። አንድ ቤት ያደግን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያጠናን ሰዎች! በቀይ እርሳስ ሰረዝኩት፤ ‹እንስሳቴን› ብዬ ጽፌ ወደ ቦታው መለስኩት።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ተቀዶ አገኘሁት። በሻይ ስኒዬ ውስጥ። ሻይ እያለበት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 26

ዝምታው ቀጥሏል። ሾርባዬን አቅርባ ሳታየኝ ትሄዳለች። በቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ሞራ ሽቦውን እየዳበሰች ውኃዋን ስትፈልግ ብቻ ነው። ጠርሙሱን ዝቅ አድርጌ ከምትተኛበት ጥግ አሰርኩላት። ጢሟ ጣቴን ነካኝ። እርጥብ ነበር። ዘገነነኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30

ሞራ ሞተች። ድርቆሹ ውስጥ፣ በጎኗ። ካኔላ አጠገቧ ሆና ጠጉሯን ታበጥርላት ነበር።

ኦቲሊያ በኩሽና ፎጣ ጠቅልላ ግቢ ውስጥ አቮካዶው ሥር ቀበረቻት። "ይረፉ፣ የኔ ወይዘሮ" ስትል በመስኮት ሰማሁ። ስሕተት አላገኘሁበትም።

ፎጣው እጄን የማደርቅበት ነበር።

ሐሙስ፣ ሜይ 2

ዶኛ ብሪሂዳ ለኀዘኑ ኬክ ይዛ መጣች። ዘቢብ የተሞላ። "ካኔላዬ ብቻዋን ቀረች፤ እስቲ ትጽናና" እያለች ቁራሹን በሽቦው መካከል ስታሾልክ ከክፍሌ በር ሆኜ አየኋት። ከዚያም ጣቷን ላሰች። ያንኑ ጣት።

"ተይ እንጂ ብሪሂዳ... ሐኪሟ እኮ..." አለች ኦቲሊያ።

"ውይ፣ አንቺም እንደ ወንድምሽ ሆንሽ?"

"ባዶ እጄን ስዘረጋላት እኮ አትመጣም። ዘቢብ ካልያዝኩ አታውቀኝም።"

ስለዚህ ነበር? ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ በዚህ ቤት ውስጥ፣ ለባዶ እጇ የመጣላት ማን ነው? እኔ ለክፍሌ በር የቀረብኩትን ያህል ለእሷ...

ሴቶቹ ሲወጡ ኬኩን ከካኔላ አፍ በጣቴ አወጣሁት። ነከሰችኝ። ምራቅ፣ ኬክ፣ ደም። 

እሑድ፣ ሜይ 5

መዝገበ ቃላቴ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ዛሬ ያለቀ የመጸዳጃ ሶፍት የካርቶን ቱቦዎች ተደርድረዋል። የሶፍት! ያ እኮ ፈተና ያረምኩበት ጠረጴዛ ነው። በካርቶኖቹ ውስጥ ድርቆሽ ጠቀጠቅሁ፤ መካከሉ ላይ መራራ ቅጠል ደበቅሁ፤ ጫፍና ጫፋቸውን አጠፍኩ።

ኦቲሊያ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ለካኔላ ሰጠኋት። አሸተተች፣ አንከባለለች፣ ቀደደች፣ ቅጠሏን አወጣች። እየበላችም እንደ ወፍ ያለ ድምፅ አሰማች። ከዘቢቡ ጋር ይህን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

አጫወትኳት። ግሡ እዚህ ላይ ትክክል ነው።

ቀጥሎ ባዶ መዳፌን አስገብቼ ጠበቅሁ። እጅጌዬ ላይ ሸናች።

ረቡዕ፣ ሜይ 8

ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም አልመጣችም። ዛሬ መጣች። ምንም ሳልይዝ። መዳፌ ላይ ወጥታ ቆመች። ቀዝቃዛ እግር፣ ሞቃት ሆድ፣ እንደ ቆዳ ገመድ ያለ ጅራት። የእጅጌዬን ቁልፍ በዚያ ብርቱካናማ ጥርሷ መረመረችው። ሰውነቴ ሁሉ ተሸማቀቀ። እጄን ግን አላነሣሁም።

ወደ ኩሽና ስገባ ፍሪጁ ላይ አዲስ ወረቀት። "ነገ እንግዶች አሉኝ። እንስሳቶቼ አጠገብ እንዳትደርስ።"

እንስሳቶቼ... የቀረችው አንዲት ናት። ለአንዲት ዴጉ ድርብ ብዙ ቁጥር። ቀዩን እርሳስ አነሣሁ። ይዤው ቆምኩ። የትኛውን ነው የምሰርዘው? ‹ኦች›ን? ‹ት›ን? ሁለቱንም ብሰርዝ የሚቀረው ነጠላ ቁጥር ሞራን እንደገና መቅበር ይሆናል።

እርሳሱን መሳቢያ ውስጥ መለስኩት።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

ይህ ማስታወሻ ለተጀመረበት ዓላማ አልዋለም። ዛሬ ጠዋት ከኦቲሊያ የዳቦ ሳህን ሥር ያስቀመጥኩትን ደብዳቤ ቃል በቃል እገለብጣለሁ።

"ውድ እኅቴ ኦቲሊያ፣

ይህን የምጽፍልሽ ስለ እንስሳቶችሽ ነው። አሁንም ያስጠሉኛል፤ በዚህ ረገድ ምንም ለውጥ የለም። ሆኖም ካኔላ ማየት እንድትችል እፈልጋለሁ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዘቢብም ሆነ ሌላ ጣፋጭ ወደ ሽቦው እንዳይገባ እለምንሻለሁ።

ለባዶ እጅ ትመጣለች። ትናንት መጣች። የሚያስፈልገው መታገሥና ዝም ማለት ነው፤ ዝም ማለቱን አንቺ ከእኔ በተሻለ እንደምትችዪበት በእነዚህ ቀናት አይቻለሁ። ከፈቀድሽ አጠገብሽ ተቀምጬ አሳይሻለሁ።

ለዛሬው ሻይ የሞላኋቸው ካርቶኖች በሩ ሥር በቅርጫት አሉ። ዶኛ ብሪሂዳ ማጨብጨቧ ካልቀረ ለእነሱ ታጨብጭብ። ቦታ ካለ እኔም ጠረጴዛው ላይ እቀመጣለሁ፤ ማንኪያዬን ግን ለብቻ አድርጊልኝ።

በዘቢቡ ጉዳይ መስማማትሽን ወይም አለመስማማትሽን እስከ እሑድ፣ ሜይ 12፣ በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ እጠይቃለሁ። እንደመጣልሽ ጻፊው።

ወንድምሽ ኤቫሪስቶ"