ትናንት የሳቅሁበት ፊልም

ደብረ ማርቆስ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዛሬ ጎህ ሲቀድ የልጄን የትዕግሥትን መርዶ ነገሩኝ። አዲስ አበባ ሞታ የተቀበረችው ባለፈው ሳምንት ነው።

ትናንት ታናሽ እህቴ ብርቄ "ነይ፣ ከልጆቼ ጋር ፊልም እዪ" ብላ ቤቷ አዋለችኝ። ዳይኖሰር የሚሏቸው የጥንት ግዙፍ አውሬዎች እንደኛ ቤተሰብ ሆነው የሚኖሩበት የካርቱን ተከታታይ ነው። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፤ ወደድሁት። ሕፃኗ ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ መንጋው ሁሉ ለእናቷ ይጮኻል። እናቲቱ ስትሮጥ በጭራዋ ዛፍ ትገነድሳለች። እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ብርቄም አብራኝ ሳቀች።

ዛሬ "ትናንት እያወቅሽ ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት። "እታለም፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ መርዶ ይነገራል እንዴ?" አለችኝ።

ወጉንስ አውቀዋለሁ። ግን ለምን አሳቀችኝ?

ትናንት እኔ ያላልሁትን ነፍስ ይማር፣ ይህን የምታነቡ ለወለተ ሥላሴ በሉልኝ፤ የክርስትና ስሟ ነው።